ከሕሙማን ማህደር የተገኘው ዕጢ ገቺ ጂን፦ የሬቲኖብላስቶማ ታሪክ

መግቢያ

በሰው ሕዋስ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ የጂን ወገኖች እንደሚሠሩ ዛሬ ለጤና ባለሙያዎች የታወቀ ነው። አንደኛው ወገን ሕዋሱን ወደ መከፋፈል የሚገፋፋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ያለአግባብ እንዳይከፋፈል የሚገታው ነው። ይህ ሁለተኛው ወገን ዕጢ ገቺ ጂን ይባላል። የመጀመሪያው ከመጠን በላይ ሲሠራ ወይም ሁለተኛው ሥራውን ሲያቆም ሕዋሱ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። በመኪና ቢመሰል፣ አደጋ የሚደርሰው ነዳጅ መስጫው ተጭኖ ሲቀር ብቻ ሳይሆን ፍሬኑ ሲበጠስም ነው።

የዚህ “ፍሬን” መኖር ለመጀመሪያ ጊዜ በጂን ደረጃ የተረጋገጠው በሳንባ ወይም በጡት ካንሰር አልነበረም። ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚሆኑ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት መካከል አንዱን በሚያጠቃው ሬቲኖብላስቶማ በተባለ የዓይን ካንሰር ነበር። ለግኝቱ መሠረት የሆነው ማስረጃም በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ቤት የተቀመጡ የ48 ሕሙማን ማህደሮች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ግኝት ታሪክና ለዕለት ተዕለት የሕክምና ሥራ ያለውን ትርጉም ይዳስሳል። ልዩ ምልክት ካልተደረገ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው መታወቅ

ሬቲኖብላስቶማን ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው በዝርዝር የገለጹት ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ዋርድሮፕ ናቸው። በ1809 ባሳተሙት መጽሐፍ ዕጢው በአብዛኛው ከሬቲና እንደሚነሣ አስረድተው፣ ዓይኑን በጊዜ አውጥቶ ማስወገድ የሕፃኑን ሕይወት ሊያተርፍ እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ። በዚያን ጊዜ ማደንዘዣ ገና ስላልነበረ ምክሩ በቀላሉ የሚፈጸም አልነበረም። በ1846 ኤተር ለማደንዘዣነት መዋሉና በ1851 ኸርማን ሔልምሆልትዝ የዓይን ውስጠኛ ክፍል መመልከቻ የሆነውን ኦፍታልሞስኮፕ ማስተዋወቃቸው ሁኔታውን ለወጠው። ዕጢው ገና በዓይን ውስጥ ሳለ ለመለየትና ቀዶ ሕክምናውን በአግባቡ ለማካሄድ ተቻለ።

ሕፃናቱ በሕይወት መትረፍ ሲጀምሩ ግን ቀድሞ ያልታየ ነገር ብቅ አለ። ብራዚላዊው የዓይን ሐኪም ኢላሪዮ ዴ ጎቬያ በ1872 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ የአንድን ሕፃን የታመመ ዓይን አውጥተው ሕይወቱን አተረፉ። ልጁ አድጎ ትዳር መሠረተ፤ ሆኖም ሁለት ሴቶች ልጆቹ በዚሁ በሽታ ተያዙ። ቀድሞ የበሽታው ተጠቂዎች በልጅነታቸው ይሞቱ ስለነበር በዘር መተላለፉ ሊታወቅ የሚችልበት ዕድል ጠባብ ነበር። ውርሱን ለዓይን የገለጠው እንግዲህ የሕክምናው መሳካት ነው።

ይሁንና አንድ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ቆየ። አንዳንዱ ሕፃን በሁለቱም ዓይኖቹ፣ ያውም ገና በጨቅላነቱ ይታመማል፤ ሌላው በአንድ ዓይኑ ብቻ ዘግየት ብሎ ይታመማል። አንዳንዱ የታመመ ወላጅ አለው፤ አብዛኛው ግን በቤተሰቡ በሽታው ታይቶ አያውቅም። አንድ በሽታ በዘርም ያለ ዘርም እንዴት ሊመጣ ይችላል?

የ48ቱ ማህደሮች ምስክርነት

መልሱን ያቀረቡት የሕፃናት ሐኪምና የዘር ውርስ ተመራማሪ የነበሩት አልፍሬድ ኑድሰን ናቸው። ዶክተር ኑድሰን በሂዩስተን ከተማ በሚገኘው ኤም ዲ አንደርሰን ሆስፒታል ከ1944 እስከ 1969 የታዩ የ48 የሬቲኖብላስቶማ ሕሙማንን ማህደር መረመሩ። ከእነዚህ መካከል 23ቱ በሁለት ዓይን፣ 25ቱ በአንድ ዓይን የታመሙ ነበሩ። ከየማህደሩ የወሰዱት መረጃ በእጅጉ ቀላል ነው፤ በሽታው የታወቀበት ዕድሜ፣ የታመመው ዓይን፣ የዕጢዎቹ ብዛትና የቤተሰብ ታሪክ።

ከዚያም በየዕድሜው በሽታው ገና ያልታወቀባቸውን ሕፃናት ድርሻ በሎጋሪዝም መለኪያ በሥዕላዊ መግለጫ አሰፈሩ። በሁለት ዓይን የታመሙት መስመር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሆነ፤ ይህ ደግሞ ዕጢው እንዲነሣ አንድ ክስተት ብቻ ሲቀር የሚጠበቅ ነው። በአንድ ዓይን የታመሙት መስመር ግን መጀመሪያ ዘግየት ብሎ ኋላ የሚጎብጥ ነበር፤ ይህም ሁለት ክስተቶች እንደሚያስፈልጉ ያመለክታል።

በ1971 የታተመው ጽሑፋቸው ከዚህ ተነሥቶ “የሁለት ምት” መላምት በመባል የታወቀውን ሐሳብ አቀረበ። ለዕጢው መነሣት ሁለት ሚውቴሽኖች ያስፈልጋሉ። በዘር የሚተላለፈውን በሽታ የያዘ ሕፃን የመጀመሪያውን ሚውቴሽን በሁሉም ሕዋሳቱ ይዞ ይወለዳል፤ ስለዚህ በሬቲናው ካሉት እጅግ ብዙ ሕዋሳት በአንዱ ሁለተኛው ሚውቴሽን ቢደርስ በቂ ነው። በሌላው ሕፃን ግን ሁለቱም ሚውቴሽኖች ከፅንሰት በኋላ በዚያው በአንድ ሕዋስ ላይ መገጣጠም አለባቸው። ይህ አልፎ አልፎ የሚከሰት በመሆኑ ዕጢው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ዘግይቶም ይመጣል።

ስሌቱ ሌላም ነገር አስረዳ። ሚውቴሽኑን የወረሰ ሕፃን በአማካይ ሦስት ዕጢዎች እንደሚያወጣ ተገመተ። አማካዩ ሦስት ከሆነ፣ ከመቶ አምስት የሚሆኑት ወራሾች በአጋጣሚ አንድም ዕጢ ሳይወጣባቸው ሊቀሩ ይችላሉ። ጤነኛ የሚመስል ወላጅ የታመሙ ልጆች ሊወልድ የሚችልበት አንዱ ምክንያት በዚህ ግልጽ ሆነ።

ከመላምት ወደ ጂን

ሁለቱ ሚውቴሽኖች የሚያርፉት የት ነው? የኑድሰን ጽሑፍ ይህን በቀጥታ አልመለሰም። የካንሰር ሕዋስ አንድ ነገር አጥቶ ሊሆን እንደሚችል ግን ቀደም ብለው የጠቆሙ ነበሩ። ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቴዎዶር ቦቨሪ በ1914 የሕዋስን መከፋፈል የሚገቱ ክሮሞዞሞች ሊኖሩ እንደሚችሉ ጽፈዋል። በ1969 ደግሞ በኦክስፎርድ ሔንሪ ሐሪስና ባልደረቦቻቸው የካንሰር ሕዋስን ከጤነኛ ሕዋስ ጋር ሲያዋህዱ የካንሰርነት ጠባዩ እንደሚገታ አሳዩ። በ1973 ዴቪድ ኮሚንግስ ሁለቱ ምቶች የሚያርፉት ከእናትና ከአባት በተገኙት የአንድ ጂን ሁለት ቅጂዎች ላይ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ።

አቅጣጫውን ያመለከቱት አሁንም ሕሙማን ነበሩ። በአንዳንድ የሬቲኖብላስቶማ ሕፃናት የ13ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ በከፊል ጎድሎ ተገኘ። በ1983 ዌብስተር ካቬኒ፣ ሬይ ኋይትና ባልደረቦቻቸው ከየሕሙማኑ ደምና ዕጢ የተወሰደውን ዲኤንኤ አነጻጸሩ፤ በደሙ ውስጥ ሁለቱም የክሮሞዞሙ ዓይነቶች ሲታዩ በዕጢው ውስጥ አንደኛው ጠፍቶ ተገኘ። በዘር በተላለፈው በሽታ የሚጠፋው ጤነኛው ቅጂ መሆኑም ቀጥሎ ታየ። በ1986 በቦስተን ታዴዎስ ድራይጃ፣ ስቲቨን ፍሬንድ፣ ሮበርት ዋይንበርግና ባልደረቦቻቸው ጂኑን ለይተው አወጡ። አርቢ1 የተባለው ይህ ጂን የመጀመሪያው ተለይቶ የወጣ ዕጢ ገቺ ጂን ሆነ።

በዚህም ለተማሪዎች ዘወትር ግራ የሚያጋባው ነጥብ ተብራራ። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ሲታይ ከአንድ ወላጅ ብቻ በመውረስ የሚተላለፍ የበላይ ባሕርይ ይመስላል፤ ወራሹም ሚውቴሽኑን ለልጁ የሚያስተላልፍበት ዕድል ግማሽ ነው። በሕዋስ ደረጃ ግን ሁለቱም ቅጂዎች ካልተበላሹ ዕጢ አይነሣም።

ከዓይን ባሻገር

የአርቢ ጂን የሚያስገኘው 928 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ኢ2ኤፍ የተባሉትን ፕሮቲኖች ይዞ በማቆየት ሕዋሱ ዲኤንኤውን ወደሚያባዛበት ደረጃ እንዳይሻገር ያደርጋል። የመከፋፈል ትእዛዝ ሲደርስ ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 የተባሉት ኢንዛይሞች ፎስፌት እየጨመሩበት ይለቀዋል፤ መንገዱም ይከፈታል። እነዚህን ኢንዛይሞች የሚገታው ፓልቦሲክሊብ በ2015 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ሕክምና ተፈቅዷል። በአነስተኛ ሕዋስ የሳንባ ካንሰር ደግሞ የአርቢ ጂን በአብዛኛዎቹ ሕሙማን ተበላሽቶ ይገኛል።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን የማሕፀን በር ካንሰር ነው። በ1989 ኤድ ሐርሎው፣ ፒተር ሐውሊና ባልደረቦቻቸው የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ኢ7 ፕሮቲን ከአርቢ ፕሮቲን ጋር እንደሚጣበቅ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኢ6 የተባለው ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን ፒ53 የተባለውን ዕጢ ገቺ እንዲፈርስ እንደሚያደርግ ታወቀ። ፒ53 በ1979 ሲገኝ ካንሰር አምጪ መስሎ ነበር፤ ገቺ መሆኑ የተረጋገጠው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ በሕፃኑ ዓይን ሚውቴሽን የሚሠራውን ጥፋት በማሕፀን በር ላይ ቫይረሱ ጂኑን ሳይነካ በፕሮቲኑ ላይ ይሠራዋል። ኢትዮጵያ በ2018 (በ2011 ዓ.ም.) ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው ክትባት ዓላማው ይህ ጥፋት ገና ሳይጀመር መከላከል ነው።

ማጠቃለያ

ጂኑ ከታወቀ አሥርተ ዓመታት ቢያልፉም የእውቀቱ ፍሬ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በ2017 በ153 አገሮች በተመረመሩ 4,351 አዲስ ሕሙማን ላይ የተካሄደና በ2020 የታተመ ጥናት፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች በሽታው የሚታወቅበት መካከለኛ ዕድሜ 14.1 ወር ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በወቅቱ ትመደብበት በነበረው በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ግን 30.5 ወር መሆኑን አመልክቷል። ሲመረመሩ ዕጢው ከዓይን ውጪ የተሠራጨባቸው በመጀመሪያዎቹ 1.5 በመቶ፣ በኋለኞቹ 49.1 በመቶ ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 በጀመረው የሕፃናት ካንሰር ፕሮግራም ትኩረት ከሰጣቸው ስድስት በሽታዎች አንዱ ሬቲኖብላስቶማ መሆኑም ያለምክንያት አይደለም፤ በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነውና።

በእነዚያ 16 ወራት ልዩነት ውስጥ የጤና ባለሙያው የሚሠራው ብዙ አለ። እናት “የልጄ ዓይን ማታ እንደ ድመት ዓይን ያበራል” ወይም “ብሌኑ ነጭ ሆነብኝ” ብላ ስትመጣ፣ ወይም የሕፃኑ ዓይን ሲንሸዋረር፣ ከብሌኑ የሚመለሰውን ቀይ ነጸብራቅ መመልከትና ሳይዘገዩ ወደ ዓይን ሐኪም መላክ ተገቢ ነው። በሽታው ከተረጋገጠ የጂን ምርመራ በማይገኝበት ቦታም ቢሆን የወላጆቹንና የወንድም እህቶቹን ዓይን መመርመር ይቻላል። ሚውቴሽኑን የወረሰ ልጅ ከዓይኑ ሕመም ቢድንም ኋላ በአጥንት ካንሰርና በሌሎች ዕጢዎች የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ የጨረር ሕክምና ከወሰደ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ቤተሰቡ ይህን አውቆ ክትትሉን እንዲቀጥል መንገር ያስፈልጋል።

ዶክተር ኑድሰን በ2016 ሲያርፉ የሁለት ምት መላምታቸው የካንሰር ሳይንስ አንዱ መሠረት ሆኖ ነበር። ያ መላምት ሊቀረጽ የቻለው ስማቸው በታሪክ ያልተመዘገበ ሐኪሞችና ነርሶች ለ25 ዓመታት የሕፃኑን ዕድሜ፣ የታመመውን ዓይንና የቤተሰቡን ታሪክ ሳይሰለቹ ስለጻፉ ነው። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ በሕመምተኛው ካርድ ላይ ባዶ የምትቀረው የቤተሰብ ታሪክ መስመር ለሚቀጥለው ሕፃን የምትጠቅም ልትሆን ትችላለች።