ባቡር የሚያድርበት ግቢ

ስለ ባቡር የተጻፈውንና የተዘፈነውን ሳስብ ከፊቴ የሚደቀነው ጣቢያው ነው፤ ሸኚና ተሸኚ የሚላቀሱበት፣ መጪና ተቀባይ የሚተቃቀፉበት ያ የታወቀ ስፍራ። ጣቢያ ለደራሲ ይመቻል። ከጣቢያው ጀርባ ላለው ግቢ ግን ቃል ያዋጣ ደራሲ እምብዛም አላጋጠመኝም። ተሳፋሪው ወርዶ ወደየቤቱ ሲበተን ባቡሩስ የት ያድራል? ማን ያጥበዋል? የላላውን ማን ያጠብቅለታል? ለንጋቱ ጉዞስ ማን ያሰናዳዋል? የአገራችን የባቡር ታሪክ በዚህ ጥያቄ በኩል ሲነበብ ከለመድነው ለየት ያለ መልክ ያሳያል ባይ ነኝ።

የታሪኩ መነሻ ድሬዳዋ ናት። ዓመታቱን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ላስቀምጥ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ከጅቡቲ የሚነሣው መስመር በቅድሚያ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን የተራራ ላይ ከተማ ናት፤ ዳገቱ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ሐዲዱ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ከተራራው ግርጌ፣ ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ አጠገብ አለፈ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡር እዚያ ደረሰ፤ ስፍራውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ያ ስም አልጸናም፤ የጸናው ድሬዳዋ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ገንዘብ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ፤ በ1900 ዓ.ም. ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ አዲስ አበባም የባቡር ፉጨት የሰማችው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ነጋዴው ዕቃውን ከፉርጎ አውርዶ በግመልና በበቅሎ ወደ መሐል አገር ይዞ ይጓዝ ነበር። ለነጋዴው ይህ ጣጣ ነው፤ ለድሬዳዋ ግን ዕድል ሆነላት። የመስመር መጨረሻ የሆነ ስፍራ በባዶ ሜዳ ሊቀር አይችልም። የእንፋሎት ባቡር ውኃ ይሻል፤ አመዱ ተጠርጎ መውጣት፣ ማፍያው መታጠብ አለበት፤ ከመነሣቱ ከሰዓታት በፊት እሳቱን የሚያነድለት ሰው ያስፈልገዋል። እናም ማደሪያ ግቢ፣ መጠገኛ ጋራዥ፣ የዕቃ መጋዘን፣ የሠራተኛ መኖሪያ ተሠራ። ከዚራ የተባለው ቀጥ ቀጥ ያለ ጎዳና ያለው ሠፈር የተተለመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ ከነገበያው ደመቀ።

ለገሀር የሚለው የአዲስ አበባ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው የጣቢያ መጠሪያ እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ጣቢያው ለአዲስ አበባ አንድ የሠፈር ስም ሰጠ፤ ማደሪያ ግቢው ግን ድሬዳዋን የሚያህል ከተማ ወለደ። የግቢው ውላጆች ሕንፃዎቹ ብቻ አልነበሩም። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ይነገሩ ነበር፤ አባት የያዘውን መፍቻ ልጅ ይረከበው ነበር። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ በማይመጣበት ጊዜ የጎደለውን ብረት እዚያው ቀርጸው ይተኩ ነበር። ያረጁት ሎኮሞቲቮች ከዕድሜያቸው በላይ የተጓዙት በእነዚህ እጆች ነው።

አሮጌው መስመር እየደከመ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ጸጥ አለ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1.435 ሜትር። በዚህች የ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት ምክንያት አዲሱ ባቡር በአሮጌው ግቢ ሊያድር አይችልም። የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ፤ የአዲስ አበባውም ወደ ዳር፣ ወደ ለቡ ሄደ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ሥራ ጀምሮ ነበር። ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሁለት መስመር፣ 41 ባቡር። ማደሪያ ግቢዎቹ በከተማዋ ጫፍ፣ አንዱ በአያት፣ ሌላው በቃሊቲ ተሠሩ፤ በዛሬ አጠራራቸው «ዴፖ» ይባላሉ። በምርቃቱ ሰሞን የሁላችንም ዓይን ያረፈው በከተማው መካከል ከፍ ብሎ በሚያልፈው ድልድይና በአዲሶቹ ባቡሮች ላይ ነበር። ለዴፖዎቹ ልብ ያለ ጥቂት ነው።

ሆኖም የባቡሩ ዕጣ የተወሰነው እዚያ ነው። ሥራ በጀመረ በ10 ዓመት ውስጥ ከ41ዱ ከግማሽ የሚያንሱት ብቻ በመስመር ላይ የሚታዩበት ጊዜ መጣ። የቀሩት መለዋወጫ እየጠበቁ ቆሙ፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ከቻይና የሚመጣ ነው። ለአንድ ሌሊት ዕረፍት የተሠራው ግቢ ለዓመታት የሚቆሙ ባቡሮችን ያዘ። ጠዋት በጣቢያው ተሰልፎ የሚቆመው ሠራተኛና ተማሪ የሰልፉ ርዝመት ከየት እንደመጣ ማወቅ ቢፈልግ፣ መልሱ ያለው ከሐዲዱ ጫፍ፣ ከአጥሩ ውስጥ ነው።

ይህን ስል የትናንቱን ለማሞገስ፣ የዛሬውን ለመንቀፍ አይደለም። የድሬዳዋው ግቢም የውጭ ኩባንያ ሥራ ነበር፤ መሣሪያውም ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። ባዕድ የነበረው ግቢ የእኛ የሆነው ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እስኪተላለፍ ጊዜ ስላገኘ ነው። የዛሬውን ባቡር ብዙው ነገሩ ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ እንደ ጥንቱ በመዶሻና በፋይል መጠገን አይቻል ይሆናል። ቢሆንም በአያትና በቃሊቲ ያሉት ወጣት ቴክኒሻኖች፣ ድሬዳዋዎች ያገኙትን ያህል ዘመንና ትዕግሥት ይገባቸዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ሌላ ጊዜ በቃሊቲ በኩል ስታልፍ ከጣቢያው አልፈህ ወደ ግቢው ተመልከት። ስንቱ ባቡር እንደቆመ ብቻ አትቁጠር፤ ከሥሩ ተንጋሎ የሚሠራ ሰው መኖሩንም ልብ በል።