ሌባው ወይስ ቀዳዳው? በአሮጌ ቤቶች የተሰወረ የውሃ መፍሰስና የፍለጋው ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ ከቀረበ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የከተማ ውሃ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ግድቡ ነው። የመሠረት ድንጋዩ፣ የምረቃው ቀንና የመራቂው ስም ይመዘገባል። ውሃው ከግድቡ ወጥቶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ከአንድ አሮጌ ቤት ደጃፍ ሥር ወደ መሬት ሲሰርግ ግን የሚመዘግበው የለም። ዛሬ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት የዚህን ያልተመዘገበ ውሃ ታሪክ ነው። የምከራከርበት ነጥብም አንድ ነው፤ ውሃ በጎደለ ቁጥር ሰዎች አስቀድመው የሚፈልጉት ሌባ ነው፤ ቀዳዳውን መፈለግ የተማሩት ዘግይተው ነው። ከሌባ ፍለጋ ወደ ቀዳዳ ፍለጋ የተደረገው ሽግግር የቧንቧ ሠራተኛ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይም ነበር።

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ በፊት ያስተማረኝ ያደግሁበት ግቢ ነው። በአዲስ አበባ ከቀደምት ሰፈሮች በአንዱ፣ ሰባት አባወራ በአንድ ቆጣሪ የምንጠቀምበት ግቢ ነበር። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ በሰው ቁጥር ተካፍሎ ይከፈላል። አንድ ወር ሒሳቡ ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ፤ የሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። የግቢው ዓይን ወዲያው ጠላ ጠምቀው ልጆቻቸውን በሚያሳድጉ አንዲት እናት ላይ ዐረፈ። እትዬ ብለን የምንጠራቸው፣ በዓውደ ዓመት ከሁሉም ቤት ቀድመው የሚጠሩ ሴት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ባልዲ ይዘው ወደ ቧንቧው ሲሄዱ የሚቆጥራቸው ሰው በዛ፤ ቡና የሚጠራቸው ሰው አነሰ። የዚህን ነገር ፍጻሜ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። አስቀድመን ግን ከእኛ ግቢ እጅግ ርቀን ወደ ሮም እንሂድ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ97 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኔርቫ፣ ሴክስቱስ ዩሊየስ ፍሮንቲነስ የተባለውን ሹም የሮም ከተማ ውሃ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ፍሮንቲነስ ሥራውን የጀመረው መዝገብ በመመርመር ነበር። ወደ ውሃ መውረጃዎቹ ምንጭ ሄዶ ሲለካ፣ የሚገባው ውሃ በመዝገቡ ከሰፈረው እጅግ እንደሚበልጥ አገኘ። ልዩነቱ የት ገባ? ማብራሪያው በአብዛኛው አንድ ነበር፤ ስርቆት። የውሃ ሠራተኞች ከመንገድ በታች ስውር ቧንቧ እየቀጠሉ ውሃ ይሸጡ ነበርና። መፍትሔውም ወሰን ማበጀት ሆነ። የእያንዳንዱ ባለ ፈቃድ ድርሻ የሚለካው ማኅተም በተመታበት የነሐስ አፍ በኩል ሲሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ ለሃምሳ ጫማ ያህል የሚዘረጋው ቧንቧም ስፋቱ ከአፉ እንዳይበልጥ ደንብ ነበር።

ፍሮንቲነስ መስመሮቹ እንደሚያረጁና እንደሚያፈሱ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ስለ ጥገናቸውም በሰፊው ጽፏል። ዳሩ ግን የእርሱ ልኬት ውሃ መጉደሉን እንጂ የጎደለበትን ስፍራ መለየት አይችልም ነበር። በመዝገብና በምንጭ መካከል ያለው ልዩነት ተሰርቆም ሊሆን ይችላል፤ ወደ መሬት ሰርጎም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለይ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ጥርጣሬው ሰው ላይ ማረፉ አያስደንቅም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚከፈተው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በእንግሊዝ የወደብ ከተማ በሊቨርፑል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተማይቱ በሪቪንግተን ኮረብታዎች ትልቅ የውሃ ሥራ አሠርታ ነበር፤ ሆኖም ውሃው አልበቃ ብሎ በፈረቃ ይታደል ጀመር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ከተሞች ብክነቱን በተከራዮች፣ ይልቁንም በድሆች ግድየለሽነት ማሳበብ የተለመደ ነበር። ቧንቧ ከፍተው ይተዋሉ፣ ለነገ አይሉም እየተባለ ይወቀሱ ነበር።

በ1873 እ.ኤ.አ. የከተማይቱ መሐንዲስ ጆርጅ ፍሬድሪክ ዲከን ክርክሩን የሚለውጥ መሣሪያ ሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው። ወደ ታች እየሰፋ በሚሄድ ቱቦ ውስጥ አንዲት ክብ ሳህን በሽቦ ተንጠልጥላ ትቀመጣለች፤ የሚያልፈው ውሃ በበዛ መጠን ሳህኗ ወደ ታች ትገፋለች። ከሽቦው ጋር የተያያዘ እርሳስ፣ በሰዓት ሞተር በሚዞር በርሜል ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ያለማቋረጥ መስመር ያሰምራል። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን የሚያነሣ ሰው የአንድ ሰፈርን የሃያ አራት ሰዓት የውሃ ታሪክ ያነብበታል ማለት ነው።

ምስጢሩ ያለው በሌሊቱ መስመር ላይ ነው። ሰው ሲተኛ ውሃም መተኛት አለበት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንጀራ የሚጋግር፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ሰውነቱን የሚታጠብ የለም ማለት ይቻላል። መስመሩ ወደ ባዶ ካልወረደ፣ ያ ውሃ የሚሄደው ወደ ሰው ሳይሆን ወደ መሬት ነው። ከዚያም ተቆጣጣሪዎች በሌሊት ይወጣሉ። ረጅሙን የብረት ቁልፍ በእያንዳንዱ ቤት መዝጊያ ላይ አሳርፈው፣ ሌላውን ጫፍ በጆሯቸው አስጠግተው ያደምጣሉ፤ በጠባብ ቀዳዳ የሚያመልጥ ውሃ የሚያሰማውን ፉጨት ብረቱ ያስተላልፋልና። መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ ሲዘጉ ደግሞ መስመሩ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቤት ላይ እንደ ወደቀ በወረቀቱ ላይ ይታያል። ያን ቤት ቀን ተመልሰው ይመረምሩታል።

የተገኘውም ብዙ ጊዜ አባካኝ ሰው ሳይሆን የተሰነጠቀ የእርሳስ ቧንቧ፣ የላላ መገጣጠሚያ፣ የማይዘጋ የመጸዳጃ ማጠራቀሚያ ነበር። ፍለጋውና ጥገናው በሰፈር በሰፈር ከቀጠለ በኋላ ሊቨርፑል ፈረቃውን ትታ ሌት ተቀን ውሃ ወደሚገኝበት ሥርዓት ተመለሰች። እርግጥ ነው፣ ጥገናው ግድብን ለዘለዓለም አላስቀረም። ከተማይቱ በ1881 እ.ኤ.አ. በዌልስ የቪርንዊን ግድብ መገንባት ጀመረች፤ በሥራው ላይ ራሱ ዲከንም መሐንዲስ ነበር፤ ላንዉዲን የተባለችው መንደርም በግድቡ ውሃ ተዋጠች። እያንዳንዱ አዲስ ግድብ በሌላ ስፍራ ያለ ሰው የሚከፍለው ዋጋ እንዳለው ይህች መንደር ትመሰክራለች። ሳይጠገን የቀረ ቀዳዳም ከዚያ ዋጋ ድርሻ አለው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ ባወረደ ጊዜ ነገሩ ለተመልካቹ ትልቅ መደነቂያ ነበር። የከተማው ሕዝብ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ከምንጭ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ ይቀዳ ነበር። ስለዚህም ከቀደምት ቤቶቻችን ብዙዎቹ የታነጹት ያለ ቧንቧ ነው። ቧንቧው በኋላ መጥቶ በግድግዳው ጥግ፣ በደጃፉ ንጣፍ ድንጋይ ሥር፣ በአጥሩ ግርጌ ተዘረጋ፤ መሄጃውን የሚያሳይ ንድፍ በብዙዎቹ ቤቶች የለም። ንድፉ ያለው በዘረጋው ሰው ትዝታ ውስጥ ነበር፤ እርሱም አልፏል።

ብረቱም ዕድሜ አለው። ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧ ቅቡ እስኪያልቅ ይቋቋማል፤ ከዚያ ዝገት ይጀምረዋል። ቀድሞ የሚሸነፈው ጥርስ የወጣለት የመገጣጠሚያው ጫፍ ነው፤ በዚያ ስፍራ ብረቱ ተቆርጦ ስለ ሳሳ። ከዚያ የሚወጣው ውሃ የጭቃ ግድግዳን ግርጌ ያረጥባል፤ በጭቃ የተያያዘውን የድንጋይ መሠረት ያላላል፤ ወለሉን ያበሰብሳል። ልምድ ያለው ሰው የሚያያቸው ምልክቶች አሉ፤ በበጋ ያለ ምክንያት የለመለመ ሣር፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ርጥበት፣ በበሩ መቃን አጠገብ የሚሰፋ ስንጥቅ። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ሁሉንም ይሸፍነዋል።

ጥቂት የሚመስለውን ነገር በሒሳብ እንመልከተው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው። በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ ብትወድቅና የጠብታዋ መጠን የአንድ ሚሊ ሊትር ሩብ ያህል ቢሆን፣ በቀን ከ21 ሊትር በላይ ይሆናል። ይህም ልጆቻችን ተሰልፈው የሚሸከሙት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። አንዲት ጠብታ በየቀኑ አንድ ሙሉ ጀሪካን ታፈስሳለች ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይጠገንም? እዚህ ላይ ታሪካችን ከሮሙ የነሐስ አፍ ጋር ይገናኛል፤ ጥያቄው የወሰን ነውና። በተለመደው አሠራር ከዋናው መስመር እስከ ቆጣሪው ያለው የአገልግሎት ሰጪው ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የደንበኛው ነው። ነገር ግን ደንበኛው ማን ነው? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር። የቤቱ ባለቤትነት ግን ከነዋሪው ራቀ፤ ከአነስተኛው ኪራይ የሚሰበሰበው ገንዘብም ለጥገና የሚበቃ አልነበረም። ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል፤ አከራዩ «ገንዘብ የለም» ይላል። በሁለቱ መካከል ቧንቧው ማፍሰሱን ይቀጥላል። በከመነዳሪ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ቧንቧ በየግቢው የሚታየው የቧንቧ ሠራተኛ ጠፍቶ አይደለም፤ ያ ማሰሪያ ኃላፊነቱ የማን እንደ ሆነ ያልታወቀበት ስፍራ ምልክት ነው።

በእኛ ግቢም እንዲሁ ሆነ። ለጥገና የቀረበው ማመልከቻ ምላሽ ሳያገኝ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ከጎረቤት ሰፈር አንድ አዛውንት ቧንቧ ሠራተኛ ተጠሩ። ስለ ሊቨርፑል የሰሙ አይመስለኝም። ነገር ግን የመጡት በምሽት ነበር። «ሁሉም ቤት ቧንቧውን ይዝጋ፤ እስክነግራችሁ ማንም እንዳይከፍት» አሉ። ከዚያ በባትሪ ብርሃን ቆጣሪውን ተመለከቱ፤ መርፌዋ ቀስ እያለች ትዞር ነበር። ሰባቱም ቤት ጸጥ ብሎ ሳለ ቆጣሪው ይቆጥራል። አንድ ፌሮ አንሥተው ንጣፉን በየርምጃው እየነኩ በጆሯቸው አደመጡ፤ በመጨረሻም በግቢው መግቢያ ካለው ደረጃ አጠገብ ቆሙ። በማግስቱ ድንጋዩ ሲነሣ መገጣጠሚያው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ተገኘ። የተበላውን ቆርጠው፣ አዲስ ጥርስ አውጥተው፣ ቃጫ ጠቅልለው አጠበቁት። ቆጣሪው ቆመ።

እትዬ በዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገሩም። ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው መኖሩንም አላስታውስም። ቧንቧው በግማሽ ቀን ተጠገነ፤ የቡናው ጥሪ እስኪመለስ ግን ከዓመት በላይ ፈጀ።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬ የሚተርፍ አንድ ችግር አለ። የሌሊቱ ፈተና የሚሠራው ቧንቧው ውሃ ሲይዝ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ዝምታው የጥገና ይሁን የባዶነት አይታወቅም። ከዚህም የከፋ አለ፤ ባዶ የሆነ ቧንቧ በዚያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ቀዳዳው ውሃ የሚወጣበት ብቻ ሳይሆን በሽታ የሚገባበትም በር ነው።

ለተማሪዎቼ የምተወው አደራ ይህ ነው። የግድቦቻችን ሰነድ በቤተ መዛግብት አለ፤ የአሮጌ ቤቶቻችን የቧንቧ ታሪክ ግን በአዛውንት ባለሙያዎች ጆሮና እጅ ውስጥ ነው። ቧንቧው የት እንደ ተቀበረ፣ መቼ እንደ ተቀየረ፣ ማን እንደ ከፈለ ጠይቁ፤ ጻፉ። በምትጽፉበትም ጊዜ «ውሃ አባከኑ» የሚል ክስ በሰነድ ስታገኙ፣ ከሳሹ በሌሊት ቆጣሪውን አይቶ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ መርምሩ።