የጉራጌ ቤትና የክረምት ርጥበት



ክረምት በገባ ቁጥር በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ከተማ ከሠራተኛው አፍ የሚሰማው ስሞታ አንድ ዓይነት ነው። በሣጥን የተቀመጠው ልብስ ይሻግታል፤ መዝገብና መጽሐፍ ይረጥባል፤ አልጋ የተጠጋበት ግድግዳ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሕፃናትም ሲያስሉ ያድራሉ። ብዙ ሰው ይህን የሰማይ ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ በጉራጌ አገር ከጥንት ጀምሮ ዝናም የሚበዛባቸው ወራት ናቸው። እጅግ የተለወጠው ቤቱ ነውና የቤቱን ታሪክ መመርመር ይገባል።

የቀድሞው የጉራጌ ቤት ክብ ነው። በመካከሉ አንድ ታላቅ ምሰሶ ይቆማል፤ ከምሰሶውም እንደ ጃንጥላ ዘንግ የተዘረጉ እንጨቶች ክዳኑን ደግፈው ይይዛሉ። የሣሩ ክዳን ተዳፋት ስለሆነ ውሃ አይቆምበትም፤ ጠርዙም ከግድግዳው ርቆ ስለሚወርድ ፍሳሹ ግድግዳውን አይነካውም። በውስጡ ከምድጃው እሳት አይጠፋም ነበር። ሙቀቱና ጭሱ ወደ ላይ እየወጡ ሣሩን ያደርቁታል፤ በሣሩ መካከል ሾልከው ሲወጡም የሰዉንና የከብቱን ትንፋሽ ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ ያ ቤት መስኮት ባይኖረውም በጣራው ይተነፍስ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህም ሌላ ቤቱ የዓመት ሥርዓት ነበረው፤ በገጠር ዛሬም አልጠፋም። መስቀል ሲቃረብ ወንዶች ማገዶ ይፈልጣሉ፤ ሴቶች ግድግዳውንና ወለሉን ይለቀልቃሉ። ይህ ለበዓሉ ድምቀት ብቻ የሚደረግ ይመስላል፤ ነገር ግን ክረምቱ የሰነጠቀውን በየዓመቱ መድፈን ማለትም ነው። በዓሉ ለቤቱ የእድሳት ቀጠሮ ሆኖ ኖሯል።

ቆርቆሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ታወቀ። ባሕር ዛፍም በዚያው ዘመን ስለ ገባ ለአራት ማዕዘን ቤት ቀጥ ያለ እንጨት ተገኘ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ ሲያሠሩ፥ የጭነት መኪና ቆርቆሮውንና ሚስማሩን ይዞ ለመግባት ተመቸው። የቆርቆሮ ቤትም ሠርቶ የማግኘት ምልክት ሆነ።

ቆርቆሮ በቶሎ አያረጅም፤ እንደ ሣርም እሳት አይበላውም። ነገር ግን አይተነፍስም። ሌሊት በቀዘቀዘ ጊዜ የእስትንፋሳችንና የድስታችን እንፋሎት ከሥሩ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ምድጃው ወደ ውጭ ማዕድ ቤት ወጥቷል፤ የጣራው ጠርዝ አጥሯል፤ መስኮቱም ለብርድና ለሌባ ሲባል ተዘግቷል። የድንጋይ መሠረት የሌለው የጭቃ ግድግዳ ከመሬት ውሃ ይስባል፤ በሲሚንቶ ሲለሰንም ውሃው መውጫ አጥቶ ልስኑን ይገፋዋል።

እንግዲህ ወደ ጭሱ እንመለስ ማለታችን ነውን? አይደለም። ጭስ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። በ1979 ዓ.ም. በቡታጅራ ገጠር የተጀመረው የጤና ጥናት፥ የመተንፈሻ አካል ሕመም ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና ደዌዎች አንዱ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2001 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ለሳልና ለአስም የሚያጋልጥ መሆኑን ገልጿል። ከጭስ ሸሽተን በሻጋታ ብንወድቅ ጥቅሙ የቱ ላይ ነው?

ከአባቶች ቤት የምንወስደው ጭሱን ሳይሆን ጥበቡን ነው። የጣራው ጠርዝ ረዘም ይበል፤ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር፤ በግድግዳውና በጣራው መካከል መተንፈሻ ይተው፤ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር መስኮት ይከፈት፤ አልጋና ሣጥን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቁ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ስንጥቁ ሁሉ ይደፈን። ተከራይ የሆነ ሠራተኛም ቢሆን ከነዚህ አንዳንዱን ለማድረግ የባለቤቱን ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገውም።

የቆርቆሮ ቤት የገዛነው ከእድሳት ድካም ለማረፍ ነበር። ቤት ግን፥ ክዳኑ ሣርም ይሁን ብረት፥ በየዓመቱ የባለቤቱን እጅ ይፈልጋል።