ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር

ከ2004 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በአሜሪካዋ የኬንታኪ ክፍለ ግዛት ራዲዮ የከፈተ ሰው ሁለት ሽማግሌዎች ሲጨዋወቱ ይሰማ ነበር። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን የፈለገ ሰባት ስምንት ይቀንስ።) አንደኛው ጆ ቢ ሆል፣ ሁለተኛው ዴኒ ክረም ይባላሉ። መንገደኛ ቢሰማቸው የጡረተኞች ወግ ነው ብሎ ያልፋል። ለአገሬው ግን ጉድ ነበር። ሆል የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ፣ ክረም ደግሞ የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ። በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ያለው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደጋፊዎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ግን በኪሎ ሜትር አይለካም። አንድ ቤት ውስጥ ወንድማማች ያኳርፋል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሆል በ1972 የተኩት 42 ዓመት ወንበሩ ላይ የቆዩትን አዶልፍ ረፕን ነው። ረፕ መሄድ አልፈለጉም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ግን "70 ዓመት የሞላው ጡረታ ይወጣል" የሚል ደንብ ነበረውና ደንቡ አሸነፈ። ክረም ደግሞ በ2001፣ ከ30 ዓመት በኋላ፣ ወንበሩን ለሌላ ያስረከቡ ናቸው። አንዱ የተካ፣ ሌላው የተተካ፣ ሁለቱም አንድ ማይክሮፎን ከበው ይስቃሉ። የዛሬው ወጌ ስለ ሁለተኛው ሰውዬ ነው።

"የአንድ ኮሌጅ አሠልጣኝ ቢቀየር ምን ሊደንቅ?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሉዊቪል ከ1976 ወዲህ፣ የራሷ የሙያተኞች ቡድን ከፈረሰ ጀምሮ፣ ከተማው በሙሉ የሚጮኸው ለዩኒቨርሲቲው ልጆች ነው። በዚያ ዘመን ልጆቹ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ቢበዛ አራት ዓመት ተጫውተው ይሄዳሉ። የሚቀረው አሠልጣኙ ነው። ስለዚህ የቡድኑ መልክ እሱ ይሆናል። ደመወዙም እንደዚያው ነው፤ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛው ተከፋይ አገረ ገዢው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ቡድን አሠልጣኝ ነው።

ክረም የሉዊቪል ልጅ አልነበሩም። ካሊፎርኒያ ተወልደው፣ ለዩ ሲ ኤል ኤ ተጫውተው፣ በኋላም የታላቁ የጆን ውደን ረዳት የነበሩ ሰው ናቸው። በ1971፣ በ34 ዓመታቸው፣ ሉዊቪል ወሰዳቸው። በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑን ለመጨረሻዎቹ አራት አደረሱት፤ እዚያም የጠበቋቸው መምህራቸው ውደን ነበሩ። 96 ለ 77 ተሸነፉ። በ1975 እንደገና ተገናኙ። በዚህኛው ጨዋታ መጨረሻ ላይ አንድ የሉዊቪል ልጅ የቅጣት ውርወራ አገኘ፤ ያን ዓመት 28 ወርውሮ 28ቱንም ያገባ ልጅ ነው። ያቺን ሳተ። ውደን በጭማሪ ሰዓት 75 ለ 74 አሸነፉና መልበሻ ክፍል ገብተው ለተጫዋቾቻቸው "ከፍጻሜው በኋላ በቃኝ" አሉ። ፍጻሜውንም አሸንፈው፣ በ12 ዓመት ውስጥ አሥረኛውን ዋንጫ ይዘው ሄዱ።

ብዙ ሰው ክረም የውደንን ወንበር ይወርሳሉ ብሎ ይጠብቅ ነበር። አልሆነም፤ ሉዊቪል ቀሩ። እንኳንም ቀሩ! ውደንን የተኩት ጂን ባርቶ በሁለት ዓመት 52 ጊዜ አሸንፈው 9 ጊዜ ብቻ ተሸነፉ፤ ይህም አነሰ ተብሎ መከራቸውን አዩና በ1977 ጥለው ሄዱ። በ13 ዓመት ውስጥ አምስት ሰው በዚያ ወንበር ተፈራረቀ። ቀጣዩ ዋንጫ የመጣው በ1995፣ ልክ ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

ክረም ግን በሉዊቪል ዘመናቸው ሆነ። ጥቅልል ወረቀት በእጃቸው ጨብጠው፣ ሌላው አሠልጣኝ ሲንጨረጨር እሳቸው እንደ ሐይቅ ረግተው ይታያሉ። በ1980 የቀድሞ ቤታቸውን ዩ ሲ ኤል ኤን በፍጻሜው 59 ለ 54 ረትተው ለሉዊቪል የመጀመሪያውን የአገር አቀፍ ዋንጫ አመጡ። በ1986 ዱክን 72 ለ 69 አሸንፈው ሁለተኛውን ደገሙ። ስድስት ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አራት ገቡ። ከሁሉ በላይ ሰዉ የማይረሳላቸው ግን በ1983 የሆነውን ነው። ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ "ከነሱ ጋር አንጫወትም" እያለ ከ1959 ጀምሮ ሉዊቪልን ሲሸሽ ኖሮ፣ የውድድሩ ዕጣ አገናኛቸው። ሉዊቪል በጭማሪ ሰዓት 80 ለ 68 አሸነፈ። በዚያን ዕለት የኬንታኪ አሠልጣኝ ማን ነበሩ? ጆ ቢ ሆል፣ ያው የራዲዮው ባልንጀራ።

ከዚያ በኋላ ያለው የማንኛውም ረጅም ዘመን ታሪክ ነው፤ ውድቀቱ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1990-91 ቡድኑ 14 አሸንፎ 16 ተሸነፈ፤ በክረም ዘመን ሽንፈት ከድል ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ምልመላው ላልቶ፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥም ደንብ ተጥሷል ተብሎ ምርመራና ቅጣት መጣ። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ የኋላው ዘመን ከፋ ብለን የፊተኛውን ቅዱስ ማድረግ ልማዳችን ስለሆነ ነው የምጠቅሰው። በ1994 ስማቸው በቅርጫት ኳስ ታላላቆች መዝገብ ሰፈረ። በ1997 ደግሞ ቡድኑ አንሰራርቶ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ገባ፤ ሰዉም "አላልናችሁም?" አለ። አንድ ጥሩ ዓመት ሦስት መጥፎ ዓመት ይገዛል። በማግስቱ 12 አሸንፎ 20 ተሸነፈ። በ1999ም በ2000ም ወደ ውድድሩ ገብቶ በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ።

ቶም ጁሪች የሚባሉ የስፖርት ዳይሬክተር ከመጡ በ1997 ነው። ስለዚህ የክረም ስም ለእሳቸው ትዝታ ሳይሆን የሒሳብ መዝገብ ነበር። በ2000-01 ቡድኑ 12 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ በጃንዋሪ፣ ሪክ ፒቲኖ ቦስተን ሴልቲክስን ለቀቁ። እንግዲህ የሚፈለገው ሰው ሥራ ፈት ሆኖ ሲገኝ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ዕድሜ በአንድ ሌሊት ይጨምራል። ማርች 2 ቀን 2001፣ በ64ኛ ዓመት ልደታቸው ዕለት፣ ክረም ጡረታ መውጣታቸውን አስታወቁ። "በገዛ ፈቃዳቸው" የምትለዋን ቃል እኛም ሀገር በደንብ እናውቃታለን፤ ማንም አልተታለለም። የጊዜው ጋዜጦች እንደጻፉት 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚደርስ ስምምነት ተፈረመ፤ ለዓመታት የሚዘልቅ የአማካሪነት ክፍያም ነበረበት። ክረም 675 ድልና 295 ሽንፈት ከኋላቸው ትተው ወጡ።

እኔ ጁሪች ተሳሳቱ አልልም። ቡድኑ ወድቆ ነበር። ገንዘቡም ቢሆን የሚያስወቅስ አይመስለኝም፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገለን ሰው በደብዳቤ ከማባረር በብር መሸኘት ይሻላል። የሚከነክነኝ ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ተተኪው እንዴት እንደተመረጠ።

ክረም ረግተዋል፣ ረሃባቸው ጠፍቷል ነበር ወሬው። ስለዚህ የተፈለገው የተራበ ሰው ነው። ፒቲኖ ለዚያ ልክ ነበሩ፤ ያውም በ1996 ለጠላት ቤት፣ ለኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ፣ ዋንጫ ያመጡ። ደጋፊው ትናንት የሰደባቸውን ሰው ዛሬ በጭብጨባ ተቀበለ። ውጤቱም መጣ። በ2005 ከመጨረሻዎቹ አራት፣ በ2012 እንደገና፣ በ2013 ሚሺጋንን 82 ለ 76 አሸንፎ ሦስተኛው ዋንጫ። ክረምም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ጨዋታ ያያሉ፤ ሜዳውም ከ2007 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል።

በ2015 ግን ሌላ ነገር ተሰማ። አንድ የቡድኑ ሠራተኛ ለዓመታት ለምልምል ተጫዋቾች ሴተኛ አዳሪዎችን እያመጣ በመኖሪያቸው ሕንፃ ያስገባ ነበር። ፒቲኖ "አላውቅም ነበር" አሉ። በ2017 ደግሞ ስለ ምልመላ ጉቦ የፌዴራል ምርመራ ተከተለ፤ በዚያው ኦክቶበር ፒቲኖም ጁሪችም በቀናት ልዩነት ተባረሩ። (በዚህ በሁለተኛው ጉዳይ ገለልተኛው መርማሪ ቡድን በ2022 በፒቲኖ ላይ ቅጣት አልጣለም፤ ለፍትሕ ሲባል ይነገር።) በፌብሩዋሪ 2018 በመጀመሪያው ጉዳይ 123 ድልና የ2013ቱ ዋንጫ ተሰረዙ፤ ሰንደቁም ከጣሪያው ወረደ። ጨዋታውን ሚሊዮኖች አይተውታል፤ በመዝገብ ግን የለም። የክረም ሁለቱ ሰንደቆች እዚያው ተሰቅለው ቀሩ።

ቀጥሎስ? ቤቱ ቆሽሿልና ንጹሕ ሰው ይፈለግ ተባለ። ከዜቪየር ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ማክ መጡ፤ ከገዛ ረዳታቸው ጋር የገቡበት ጣጣ ሌላ ትርምስ አመጣና በጃንዋሪ 2022 ተለያዩ። አሁንስ? ከውጭ የመጣ አልሆነልንም፤ የቤት ልጅ ይምጣ። ኬኒ ፔይን፣ በ1986ቱ የክረም ቡድን ውስጥ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበሩት፣ ተሾሙ። ከተማው አለቀሰ ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት 4 አሸንፈው 28 ተሸነፉ። በሁለተኛው 8 አሸንፈው 24 ተሸነፉ። ክረምን ያስወጣው የ12 ድል ዓመት ነበር፤ ፔይን ሁለት ዓመት ደምረው 12 አመጡ።

ልብ በሉ፤ ሦስት ጊዜ ሰው ሲፈለግ የተጠየቀው "ይህ ቤት ምን ይፈልጋል?" የሚል አልነበረም። "የሄደው ሰው ምን ጎደለው?" ነበር። የረጋው ሲሄድ የሚቸኩል፣ የሚቸኩለው ሲወድቅ ጨዋ፣ ጨዋው ሲጠላ ዘመድ። እያንዳንዱ ተሿሚ በቀዳሚው ጉድለት ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ጉድለቱን ሸፈነና ሌላ ቦታ ተቀደደ። ለዘመድ ፍቅር ያለን ሰዎች ደግሞ የፔይን ነገር ሊያመን ይገባል፤ የቤቱን ወግ ማወቅና ቤቱን ማቆም አንድ ሙያ አይደሉም። ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው ላይ ያረፈ ቤት የራሱን ፍላጎት መጠየቅ ይረሳል፤ ለሠላሳ ዓመት መልሱ የክረም ፊት ነበርና። ይህም የክረም ጥፋት ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ጥፋት የለባቸውም ለማለትም እንዲሁ።

ክረም የፔይንን የመጀመሪያ ዓመት ፍጻሜ አይተዋል። ሜይ 9 ቀን 2023፣ በ86 ዓመታቸው አረፉ። የራዲዮ ባልንጀራቸው ሆል ቀድመዋቸው በ2022 መጀመሪያ ሄደዋል። በዚያው በ2022 ዩኒቨርሲቲው ለስፖርተኞችና ለሌሎች ተማሪዎች አዲስ መኖሪያ ሕንፃ ከፍቶ ነበር፤ ስሙንም "ዴኒ ክረም አዳራሽ" አለው። ፔይን በማርች 2024 ተሰናበቱ። ቀጥሎ የመጡት ፓት ኬልሲ በሉዊቪል ተጫውተው አያውቁም፤ የታላቅ ሰው ስምም ይዘው አልመጡም። በመጀመሪያ ዓመታቸው፣ የክረም ስም በተጻፈበት ሜዳ ላይ፣ 27 አሸንፈው 8 ተሸነፉ።