‘ደርት’፦ የሱስን ጨለማ ያልሸሸገው አልበም

የአሜሪካው የሮክ ባንድ አሊስ ኢን ቼይንስ ‘ደርት’ የተሰኘውን ሁለተኛ አልበሙን ለአድማጭ ያቀረበው እአአ በመስከረም 1992 ነበር። ግራንጅ የተባለው የሮክ ስልት ከሲያትል ከተማ ተነሥቶ ዓለምን ባዳረሰበት ዘመን የወጣው ይህ ሥራ፣ በአሜሪካ ብቻ ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

የአልበሙ ዐቢይ ጉዳይ የሄሮይን ሱስ ነው። ድምጻዊው ሌይን ስቴሊ ከራሱ ሕይወት ቀድቶ በጻፋቸው ግጥሞች፣ ዕፁ በመጀመሪያ እፎይታ መስሎ እንደሚቀርብ፣ ኋላ ግን ሰውን ከወዳጆቹና ከራሱ እንደሚነጥል ያሳያል። ጦርነትና ሞትም በአልበሙ ቦታ አላቸው። ጊታሪስቱ ጄሪ ካንትሬል ‘ሩስተር’ን የጻፈው በቬትናም ስለተዋጋው አባቱ ነው። ‘ዉድ’ የተሰኘው ዘፈን ደግሞ በ1990 ሄሮይን ለሞት የዳረገውን የሲያትል ድምጻዊ አንድሩ ዉድን ያስታውሳል።

ስቴሊ ዘፈኖቹ ሄሮይንን ማራኪ አስመስለው እንዲያሳዩ አልፈለገም። ይሁን እንጂ አንዳንድ አድናቂዎቹ ዕፅ መውሰዳቸውን በኩራት ይነግሩት እንደነበር፣ ይህም ፈጽሞ ያልተመኘው ውጤት እንደሆነ በኋላ ተናግሯል። እርሱም ከሱሱ ሳይላቀቅ በሚያዝያ 2002 በ34 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ። አስከሬኑ በመኖሪያ ቤቱ የተገኘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር።