የማርቲን ቤክ አሥር ዓመታት

የወንጀል ልብ ወለድ ይዞ የተገኘ ተማሪ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፤ «ጊዜህን ለምን በከንቱ ታጠፋለህ?» እኛም ብለን እናውቃለን። አንድ የስዊድን ታሪክ ግን ፍርዳችንን መለስ ብለን እንድናይ አስገደደን።

ማይ ሾቫልና ፔር ቫሎ የኑሮ ጓደኛሞች፣ በአመለካከታቸውም ማርክሳውያን ነበሩ። ማታ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ምዕራፍ ተካፍለው ይጽፉ ነበር። ዕቅዱ ከመነሻው የተቆረጠ ነው፤ አሥር መጻሕፍት፣ እያንዳንዳቸው 30 ምዕራፍ። የመጀመሪያው፣ «ሮሴአና»፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ የመጨረሻው በ1975፣ ቫሎ በሞተበት ዓመት። ዓላማቸው በምርመራ ታሪክ አሳበው፣ ዜጎቼን ከልደት እስከ ሞት እንከባከባለሁ ይል የነበረውን ሥርዓት ገበና መግለጥ ነበር።

ታዲያ አንባቢን የያዘው ይህ ትንተና ነውን? አይመስለንም። የያዘው መርማሪው ማርቲን ቤክ ነው። ሰውየው እንደ ሼርሎክ ሆምስ ሁሉን በአንድ እይታ አይፈታም። ጨጓራው ያመዋል፤ ጉንፋን አይለቀውም፤ ከሚስቱ ጋር ወሬ አልቆባቸዋል፤ የመርከብ ሞዴል ሲገጣጥም ያመሻል። ከቦይ ውስጥ ሬሳዋ የወጣውን ሴት ገዳይ ለመያዝ ወራት ይፈጅበታል፤ ስልክ፣ ደብዳቤ፣ ደግሞ መጠበቅ።

ከዚህም በላይ መጻሕፍቱ ተከታታይ ናቸውና ጊዜ በሰዎቹ ላይ ያልፋል። በ1968 በታተመው «ሳቂው ፖሊስ» አውቶቡስ ውስጥ በጥይት ካለቁት አንዱ ወጣት ባልደረባቸው ነው። በ1971ዱ መጽሐፍ ቤክ ራሱ ክፉኛ ይቆስላል፤ በሚቀጥለው ከቁስሉ አገግሞ ሥራ ሲጀምር እናገኘዋለን። ወዳጁ ኮልቤሪ በስህተት የሥራ ጓደኛውን ከገደለ ወዲህ መሣሪያ አይታጠቅም፤ በዘጠነኛው መጽሐፍ ጭራሽ ፖሊስነቱን ይተዋል። ይህን ስንብት ለብቻው ብናነበው ተራ ነገር በሆነ። ዘጠኝ መጽሐፍ አብረነው ከተጓዝን በኋላ ግን የወዳጅ ስንብት ነው፤ «እንዲህ ያለ ደግ ሰው የማይቆይበት መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት ነው?» ብለን የምንጠይቀው ያኔ ነው።

እውነቱን እንናገር፤ በኋለኞቹ መጻሕፍት ደራስያኑ ስብከት የሚያበዙበት ቦታ አለ። እዚያ ስንደርስ ገጽ ዘለናል፤ ሐሳቡን ጠልተን ሳይሆን ቤክ ስለጠፋብን ነው።

እኛስ? በምንጽፋቸው አጫጭር ታሪኮች ውስጥ ሕዝብ አለ፣ መደብ አለ፣ ትግል አለ። ጨጓራውን የሚያመው አንድ ሰው ግን ስንት ጊዜ አለ?