ሜክ ሚ ፌመስ (ዘጋቢ ፊልም)

«ሜክ ሚ ፌመስ» («ዝነኛ አድርጉኝ») ብራያን ቪንሰንት ያዘጋጀው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ አሜሪካዊ ዘጋቢ ፊልም ነው። ባለታሪኩ በ1980ዎቹ በኒው ዮርክ ኢስት ቪሌጅ ሰፈር ይሠራ የነበረው ሠዓሊ ኤድዋርድ ብሬዚንስኪ ነው። ሠዓሊዎቹ ባስኪያትና ኪት ሄሪንግ ከገነኑበት ከዚያ ዘመን እሱን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። መኖሪያውን «ማጂክ ጋለሪ» ብሎ ሥዕል ያሳይበት ነበር፤ ከሥዕሎቹ ይልቅ የሚወራለት ግን ዶናት ነው። በ1989 በፓውላ ኩፐር ጋለሪ ለእይታ ከቀረበው፣ በዶናት ከተሠራው የቀራፂው ሮበርት ጎበር ሥራ አንዱን ዶናት አንሥቶ ገመጠ፤ እንዳይበላሽ በኬሚካል የታከመ ነበርና ሆስፒታል ገባ። ፊልሙ፣ ሠዓሊው በ2007 ፈረንሳይ ውስጥ ሞተ መባሉን እዚያው ድረስ ሄዶ ያጣራል። ከፍለጋው ይልቅ የሚማርከው ግን የዚያ ዘመን የቪዲዮ ቅጂና እነ ሠዓሊ ኬኒ ሻርፍ የሚሰጡት፣ ሐሜት የማያጣው ምስክርነት ነው።